የተሰበረ ባሌስትራ፦ ማስበየድ፣ አንድ ቅጠል መቀየር፣ ማስቀጥቀጥ ወይስ ሙሉውን መግዛት?

በቃሊቲ፣ በገላን፣ በሰበታም ሆነ በቡራዩ ጋራዦች፣ ባሌስትራ የሰበረ ገልባጭ ሲገባ ባለንብረቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው። መቅደም የነበረበት «የት ጋ ነው የተሰበረው?» የሚለው ነው። ምን እንደሚገዛና ምን አብሮ እንደሚቀየር የሚታወቀው ከስብራቱ ቦታ ነው። ይህ ሳይታይ የተገዛ ባሌስትራ፣ ኦሪጅናልም ቢሆን፣ እዚያው ቦታ ላይ ይደግማል።

ለመግባባት ያህል፣ «ባሌስትራ» ስንል በአክስሉና በሻንሲው (በመኪናው አጽም) መሃል ሆኖ ጭነቱን የሚሸከመውን፣ ተደራርቦ የታሰረውን የብረት ድርድር ሙሉውን ነው። «ቅጠል» ስንል ከድርድሩ አንዱን ፍሬ፣ «ዋናው ቅጠል» ስንል ደግሞ ጫፍና ጫፉ ተጠቅልሎ የፒን ዓይን የወጣለትን ረጅሙን ነው። (ቃሉን ያወረሱን ጣሊያኖች ቀስት የሚያስፈነጥረውን የጥንት መሣሪያም ባሌስትራ ይሉታል። ብረቱም ቢሆን ቀኑን ሙሉ የሚውለው እንደ ቀስት ሲታጠፍና ሲመለስ ነው።) የሲኖ ገልባጭ የኋላ ባሌስትራ ዓይን የለውም። መሃሉ ባላንሱ (በሁለቱ የኋላ አክስሎች መሃል ያለው መሸከሚያ) ላይ ይታሰርና ጫፎቹ በሁለቱ አክስሎች ላይ ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ስለ ዓይንና ስለ ፒን የምንለው ለፊተኛው፣ እንዲሁም እንደ አይሱዙ ኤንፒአርና ኤፍኤስአር ላሉ ባለ አንድ የኋላ አክስል መኪኖች ነው።

ስብራቱ ምን ይላል?

ብረቱ የተሰበረበትን ፊት ናፍጣ በነካ ጨርቅ ይጥረጉት። በሽቦ ብሩሽ አይፈትጉት፣ ምልክቱ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ሁለት ቀለም ይታያል። ጠቆር ያለው፣ ዝገት የያዘውና ለስለስ ያለው ክፍል ቀደም ብሎ የተሰነጠቀው ነው። እንደ ስኳር ፍርፍር የሚያብለጨልጨው መጨረሻ ላይ በአንዴ የሄደው ነው። ጥቁሩ ከግማሽ በላይ ከሆነ ስንጥቁ ሰንብቷል። አብረውት የደከሙት ቅጠሎችም ከሱ የተሻለ ዕድሜ ስለሌላቸው አንዱን ብቻ ለውጦ መሄድ አያዋጣም። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ ግን ወይ ከልክ ያለፈ ጭነት ከጉድጓድ ጋር ተጋግዞ በአንድ ምት ሰብሮታል፣ ወይ ብረቱ ከመጀመሪያውም ተሰባሪ ነበር።

ከዚያ ቦታውን ይዩ።

መሃል ቀዳዳው (ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚይዘው የመሃል ብሎን የሚያልፍበት) ላይ የተሰበረ ቅጠል፣ ዩ ቦልቱ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው የ«U» ቅርጽ ያለው ብሎን) ላልቶ እንደነበር ይመሰክራል። ዩ ቦልቱ አጥብቆ ሲይዝ የባሌስትራው መሃል አይታጠፍም፣ የሚሠሩት ክንፎቹ ናቸው። ሲላላ መታጠፉ ወደ መሃል ይመጣል፤ መሃል ላይ ደግሞ ቀዳዳ ስላለ ብረቱ በጣም የሳሳው እዚያው ነው። ከላዩ ሳህንና ከሥሩ መቀመጫ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄትና የተወለወለ መስሎ የሚያበራ ብረት ካዩ ነገሩ ተረጋገጠ። እንዲህ ሆኖ ሳለ ቅጠሉን ቀይሮ አሮጌውን ዩ ቦልት መመለስ ገንዘብ መጣል ነው።

ከዩ ቦልቱ ጠርዝ ወጣ ብሎ ከተሰበረ ድካም ወይም ጭነት ነው። ዓይኑ አጠገብ ከሆነ ግሪስ ያጣ ፒን ነክሷል። ዓይኑ ፒኑ ላይ መዞር ሲያቅተው ቅጠሉ አንገቱ ላይ ይታጠፋል፣ አንገቱም ይሄዳል። ሥር ያለው አጭር ቅጠል ጫፍ ያረፈበት ቦታ ላይ የተሰበረ እንደሆነ ጫፉ ፈትጎ ጎድጓድ አውጥቶለታል። ጥፍር የሚይዝ ጎድጓድ ያለው ሌላ ቅጠል ካለ የሚቀጥለው ተረኛ እሱ ነው። ዋናው ቅጠል ብቻ ተሰብሮ ሌሎቹ ደህና ሲሆኑ ደግሞ ጎንና ጎን ያሉትን ማሰሪያ ክላምፖች ይፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ወይ ወልቀዋል፣ ወይ ከፍተዋል። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ሲነሳ ክላምፑ ቅጠሎቹን አንድ ላይ ካልያዘ የመመለሻውን ጉልበት ዋናው ቅጠል ብቻውን ይቀበላል።

ብየዳ

አይደረግም። የባሌስትራ ብረት ካርቦኑ ብዙ ነው፣ ከመቶው 0.6 አካባቢ። ጥንካሬውን ያገኘው ደግሞ በእሳትና በዘይት ነው። ኤሌክትሮዱ ሲነካው ከብየዳው ጎን አንድ ጠባብ መስመር እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፣ ትንሽ ራቅ ያለው ደግሞ ይለሰልሳል። በያጁ ጎበዝ ሆነ አልሆነ ልዩነት የለውም፤ ብየዳው ይተርፍና ጎኑ ይሰበራል። በፊት አክስል ዋና ቅጠል ላይ ይህን ማድረግ በሰው ሕይወት መጫወት ነው። ለሌላ ሥራ ሲበየድም የብየዳ ማሽኑን ማሳ (የመመለሻ ገመዱን መቆንጠጫ) ባሌስትራው ላይ አያስሩ። ቅጠሎቹ መሃል የሚፈናጠር ብልጭታ የሚተወው ትንሽ ነጥብ ራሱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል።

አንድ ቅጠል ብቻ መቀየር

በዋጋ ቀላሉ ነው፣ በቦታውም ትክክል ነው። ቦታው የሚከተለው ነው፦ የተሰበረው አንድ ቅጠል ብቻ ከሆነ፣ ሌሎቹ ጎድጓድ ከሌላቸው፣ መኪናው ባዶውን ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ በግራና በቀኝ ከአክስል እስከ ሻንሲ ሲለካ ልዩነቱ ከ15 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ። (የተሰበረው ጎን መውረዱ ስለማይቀር ይህን ልክ አዲሱ ቅጠል ገብቶ መኪናው መሬት ከነካ በኋላ መድገም ያስፈልጋል።)

ችግሩ የሚመጣው አዲስ ቅጠል ከደከሙ ቅጠሎች ጋር ሲታሰር ነው። አዲሱ ቅስቱ ሙሉ ነው፣ አሮጌዎቹ ተኝተዋል። አንድ ላይ ሲጠብቁ አዲሱ ከድርሻው በላይ ይሸከምና ቀድሞ ይሰበራል። ከዚያ «አዲሱ ብረት የማይረባ ነው» ይባላል። ስለዚህ የመሃል ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት አዲሱን ከጎረቤቱ ጋር ደርበው ያስተያዩ። ቅጠሎች ሳይታሰሩ መሃላቸው ላይ ትንሽ ክፍተት መኖሩ ጤናማ ነው። ክፍተቱ በአዲሱና በአሮጌው መካከል ከሌሎቹ በግልጽ ሰፍቶ ከታየ ግን አይስማሙም። እንዲህ ከሆነ ተመሳሳይ ዕድሜ ያለው ያገለገለ ቅጠል ከአዲሱ ይሻላል። ርካሽ ስለሆነ አይደለም፣ እኩል ስለደከመ ነው።

ሁለትና ከዚያ በላይ ቅጠል ከተሰበረ ይህ አማራጭ ተዘግቷል።

ማስቀጥቀጥ

ባሌስትራ ሳይሰበር ሲተኛ፣ ወይም የተሰበረው ተቀይሮ ሌሎቹ ቅስታቸውን እንዲያገኙ ሲፈለግ ቀጥቃጭ ዘንድ ይኬዳል። እዚህ ላይ አንድ ስም ያላቸው ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አሉ፣ ዋጋቸውም ውጤታቸውም አይገናኝም።

የመጀመሪያው ሳያሞቁ በመዶሻ መደብደብ ነው። ቅስቱ ይመለሳል፣ ግን ጥቂት ጊዜ በጭነት ከሄደ በኋላ ይተኛል፤ የመዶሻው ጠባሳም የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ሁለተኛው በከሰል አሙቆ ማጠፍና ወለል ላይ አስቀምጦ ማቀዝቀዝ ነው። ይህ ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ብረቱ ለስልሶ ተራ ላሜራ ይሆናል። ሦስተኛው ትክክለኛው ነው። ቅጠሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይሞቃል፣ በቅርጹ ይታጠፋል፣ ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ ዳግም ወደ 450 ዲግሪ ገደማ ሞቆ ቁጣው ይበርዳል። ሁለተኛው ሙቀት ከተዘለለ ብረቱ ጠንካራ ይመስላል፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ግን እንደ ሸክላ ይሄዳል። በውሃ የሚነክር ቀጥቃጭ ካዩ ቅጠልዎን ይዘው ይመለሱ፤ ውሃ በፍጥነት ስለሚያቀዘቅዘው ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

እሳቱ በቂ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በሽቦ የታሰረ ማግኔት ወደ ቀላው ብረት ሲጠጋ መሳቡን ካቆመ 770 ዲግሪ አልፏል ማለት ነው። ወደ ዘይቱ መግባት ያለበት ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ሥራው አልቆ ሲረከቡ ደግሞ ደህና ሞረድ ይዘው የቅጠሉን ጠርዝ ይሞክሩ። ሞረዱ እንደ ቅቤ ከገባ ለስልሷል። ጭራሽ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ቁጣው አልበረደም። ትክክለኛው ጉልበት እየጠየቀ ቀስ ብሎ የሚበላው ነው። መሃሉንም ሁለቱንም ጫፍ ይሞክሩ፤ በአጭር ምድጃ ላይ እየተገፋ የሞቀ ቅጠል በየቦታው የተለያየ ነው።

የተሰነጠቀ ቅጠል ተቀጥቅጦ አይድንም።

ያገለገለ ሙሉ ባሌስትራ

ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ከፈረሱ መኪኖች የወጣ ይገኛል። ከባድ መኪና ከተማ ውስጥ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት የተገደበ ስለሆነ፣ መኪናውን ዳር ላይ አቁሞ የተሰበረውን ቅጠል በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው። ጥሩ ልማድ ነው፣ ፎቶ ይዞ ከመሄድ አሥር እጅ ይሻላል።

ያገለገለ ባሌስትራ ሲገዙ ትልቁ ጠላት ጥቁር ቀለም ነው። ዓይኑ አንገት፣ መሃል ቀዳዳውና ዩ ቦልቱ ያረፈበት ጠርዝ ላይ ቀለሙን በካቻቢቴ ይፋቁት። የግራይንደር ጭረት ካለ ብየዳ ተደብቋል። ስንጥቅ ለመፈለግ ደግሞ ናፍጣና ጠመኔ ይበቃል። የተፋቀውን ቦታ ናፍጣ ቀብተው ጥቂት ያቆዩታል፣ በደረቅ ጨርቅ አጥርተው ይጠርጉታል፣ ላዩ ላይ የጠመኔ ዱቄት ይነሰንሱበታል። ስንጥቅ ካለ የገባበት ናፍጣ ተመልሶ እየወጣ ነጩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ እርጥብ መስመር ይስላል። ሻጩ ለዚህ ጊዜ ካልሰጠዎት መልሱን አግኝተዋል።

አዲስ ሙሉ ባሌስትራ

መኪናው በየቀኑ ጠጠር፣ አሸዋ ወይም ገረጋንቲ የሚያመላልስ ከሆነ በመጨረሻ የሚያዋጣው ይህ ነው። ሲሰላ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን መኪናው የቆመበትን ቀን መቁጠር ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ የቆመ ገልባጭ የአዲሱን ልዩነት በልቶታል።

የሚታየው ማርካው ብቻ አይደለም። መሃል ብሎኑ ጠብቆ ሳለ ቅጠሎቹ መሃል ላይ ብርሃን መታየት የለበትም። ጠርዞቹ የሚቆርጡ ሳይሆኑ የተድበለበሉ፣ የመሃል ቀዳዳው ያልተሸራረፈ፣ ሁለቱ ዓይኖች ትይዩ መሆን አለባቸው። ትይዩነቱን ለማየት በሁለቱ ዓይን ሁለት ቀጥ ያለ ብረት አሳልፎ ከጫፍ ማነጣጠር ነው። ቡሹ (ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ቀለበት) በእጅ ከተሽከረከረ ልቅ ነው።

በአንድ አክስል ላይ አዲሱን በአንድ ጎን ብቻ ማስገባት ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ግን መኪናው ወደ አሮጌው ያዘነብላል፤ አሮጌውም ከቀድሞው የበለጠ ጫና ያገኛል። አቅም ከፈቀደ ጥንዱን አንድ ላይ፤ ካልፈቀደ አሮጌውን ጎን በትክክል አስቀጥቅጦ ከፍታውን ማስተካከል።

ቅጠል መጨመር

«አንድ ፍሬ ጨምርልኝ» የማይሰማበት ጋራዥ የለም። ቅጠል ሲጨመር መኪናው አይተኛም፣ ይህ እውነት ነው። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ አክስሉና ሻንሲው ግን የሚችሉት ያው የበፊቱ ነው። ጠንከር ያለ ባሌስትራ ሊውጠው የሚገባውን ምት ወደ ሻንሲው ያስተላልፋል፣ ከዚያ የሚሰነጠቀው የባሌስትራ ተሸካሚው ቅንፍና አግዳሚው ነው። የሲኖ የኋላ ባሌስትራ ብዙ ጊዜ 12 ፍሬ ሆኖ ስለሚመጣ መጨመር የሚያስፈልገው አይደለም። ለማንኛውም ከተጨመረ የድርድሩ ውፍረት ስለሚጨምር አሮጌው ዩ ቦልት ያጥራል። ዳዶው ካለቀ በኋላ ቢያንስ ሦስት ጥርስ መውጣት አለበት።

ሁለት ወይም ሦስት ወፋፍራም ቅጠል ብቻ ያለው፣ መሃሉ ወፍሮ ወደ ጫፍ እየሳሳ የሚሄደው ፓራቦሊክ ባሌስትራ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል ብዙ ስለሚሸከም አንዱ ሲሰበር ሙሉው ይቀየራል። ተራ ቅጠል አይደባለቅበትም።

ምን ይለካል?

አሮጌውን ቅጠል መውሰድ ካልተቻለ እነዚህ ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ስፋት፤ ውፍረት (በካሊፐር፣ ካልተበላ ቦታ)፤ የፍሬ ብዛት፤ ከመሃል ብሎን እስከ ፊተኛው ዓይን መሃል፣ ከመሃል ብሎን እስከ ኋለኛው ዓይን መሃል፤ የዓይኑ የውስጥ ዲያሜትር፤ የመሃል ብሎኑ ውፍረት። ርዝመቱ የሚለካው ሜትሩን በቅጠሉ ጉብጠት ላይ አስተኝቶ ነው። ሰው በብዛት የሚሳሳተው የፊትና የኋላ ክንፉን እኩል ነው ብሎ ጠቅላላውን ብቻ በመለካት ነው። ብዙ መኪና ላይ እኩል አይደሉም። የ20 ሚሊ ሜትር ልዩነት አክስሉን በአንድ ጎን 20 ሚሊ ሜትር ይገፋዋል፣ መኪናውም እንደ ሸርጣን እየሄደ ጎማ ይበላል።

ለዩ ቦልት ውፍረቱ፣ የውስጥ ስፋቱ፣ ርዝመቱና አናቱ ጠፍጣፋ ወይም ክብ መሆኑ ይጻፋል። አሮጌው ተመልሶ አይገባም፤ አንዴ ተስቧል፣ ጥርሱም ተበልቷል። ከፌሮ ተጣጥፎ ቶርኖ ቤት ጥርስ የወጣለት ዩ ቦልት በየመንገዱ ይሸጣል። ሲጠብቅ ይሳባል እንጂ አይጨብጥም፣ ስለዚህ ባሌስትራው መሃል ቀዳዳው ላይ ይሰበራል። 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ምልክት ያለውን ይፈልጉ።

መንገድ ላይ ወይስ ጋራዥ?

የፊት ዋና ቅጠል ከተሰበረ መኪናው አይነዳም፤ አክስሉ ወደ ኋላ ሊሄድና መሪ ሊያሳጣ ይችላል። ከሥር ካሉት አጫጭር ቅጠሎች አንዱ ከሆነ ግን ጭነቱን አራግፎ፣ የተሰበረው እንዳይወድቅ በሽቦ አስሮ፣ በቀስታ እስከ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። በሱሉልታ በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ መኪና ይህ አይሠራም፣ እዚያው ይቆማል።

መንገድ ዳር መሥራት ግድ ሲሆን መሬቱን ይዩ። ከአቃቂ እስከ ዱከም ያለው መረሬ በክረምት ክሪክ ይውጣል። ክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ወይም የብረት ሳህን ካልተደረገ 20 ቶን ክሪክም አይጠቅምም። የሲኖ የኋላ ባሌስትራ ከ100 ኪሎ በላይ ስለሆነ ያለ ሰንሰለት ማንሻ መንገድ ዳር አይነካም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በማይነሱት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይደረጋል። መኪናው በሻንሲው ተነስቶ ማቆሚያ ላይ ይቀመጣል፤ በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ማንም ሥሩ አይገባም። አክስሉ በሌላ ክሪክ ይደገፋል፣ ሾኩ ይፈታል፣ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር ይታያል። ዩ ቦልቱ ስለማይመለስ ዳዶውን ለመፍታት ከመታገል በግራይንደር መቁረጥ ይቀላል። ቅጠሉን ግን እሳትም ዲስክም እንዳይነካው። የፒኑ መቆለፊያ ብሎን መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ፒኑ በመዶሻ ይመታል። መቆለፊያው ሳይወጣ ተመትቶ ቅንፉ የሚሰነጠቀው ብዙ ነው።

የወረደው ባሌስትራ የመሃል ብሎኑ ከመፈታቱ በፊት በሞርሳ ወይም በጠንካራ ክላምፕ ይጨበጣል። ቅጠሎቹ ውጥር ናቸው፣ ብሎኑ ሲለቅ ጣት ይወስዳሉ። ሲገጠም ቅጠሎቹ መሃል ግራፋይት ግሪስ ይቀባል፣ አዲስ የመሃል ብሎን ይገባል፣ ክላምፖቹ ይመለሳሉ። መኪናው ላይ ሲወጣ የመሃል ብሎኑ አናት የአክስሉ መቀመጫ ላይ ባለው ጉድጓድ ውስጥ በትክክል መቀመጡን በጣት ዳስሰው ያረጋግጡ። ጠርዝ ላይ ከተቀመጠ ሲጠብቅ ይሰበራል፣ አክስሉም ይንሸራተታል።

ማጥበቅ

ዩ ቦልቱ በመጨረሻ የሚጠብቀው የመኪናው ክብደት ባሌስትራው ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ በዲያጎናል፣ አራቱን ዳዶ እያፈራረቁ፣ በሦስት ዙር። ፋብሪካው ያወጣው ቁጥር ካለ እሱ ይቀድማል። ከሌለ ግምቱ ለ20 ሚሊ ሜትር ዩ ቦልት 400፣ ለ22 ሚሊ ሜትር 550፣ ለ24 ሚሊ ሜትር 700 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። መለኪያ ቁልፍ ለሌለው ጋራዥ፦ ከዳዶው መሃል 1 ሜትር ላይ የሚንጠለጠል 55 ኪሎ ሰው 540 ኒውተን ሜትር ያህል ይሰጣል። በሁለት ሜትር ቧንቧ ሁለት ሰው ሲዘል ግን ዩ ቦልቱ ተስቦ አልቋል።

አዲስ ቅጠሎች ቀለማቸው ይጨፈለቃል፣ ይቀማመጣሉ፣ ዩ ቦልቱም ይላላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው የጭነት ጉዞ በኋላ፣ 100 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ ደግሞ ይጠበቃል፤ በ1,000 ኪሎ ሜትር አንዴ፣ ከዚያ በየዘይት ቅያሪው። ከመጨረሻው ማጥበቅ በኋላ ከዳዶው እስከ ሳህኑ አንድ ነጭ የቀለም መስመር ይሰመር። ረዳቱ ጠዋት ጎማ በመዶሻ እየመታ ሲዞር ጎንበስ ብሎ መስመሩን ያያል። መስመሩ ከተቆረጠ ዳዶው ዞሯል፣ ሳይጠበቅ ጭነት አይጫንም።